የኋላ አሞርዛተርን በቤት ውስጥ ስለ መቀየር፦ ከደሴ የቀረበ ጥያቄና የተሰጡ መልሶች

የጦሳ ሥር (ደሴ)

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ የሞተር ሳይክል ባለቤቶችና ባለሙያዎች። የምነዳው ባለ 150 ሲሲ ባጃጅ ቦክሰር ሲሆን ለማስተማር ከደሴ ኮምቦልቻ እመላለስበታለሁ። በግራ በኩል ያለው የኋላ አሞርዛተር (የመንገዱን ንጥረት የሚያረጋጋው፣ ሞላና ዘይት ያለበት ክፍል) ዘንጉ በዘይት እየራሰ አቧራ መያዝ ጀምሯል፤ ኮርቻውን በሁለት እጄ ተጭኜ ስለቀውም ቶሎ አይረጋም፣ ደጋግሞ ይነጥራል። ከተማው ውስጥ ኮብልስቶኑ ላይ በዝግታ ስለምሄድ ያን ያህል አያስቸግረኝም፤ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደውን ቁልቁለት፣ ሐረጎን፣ ስወርድ ግን ኩርባው ላይ ፍሬን እንደ ያዝኩ መንገዱ ከተጎረበጠ የኋላው ጎማ መሬት የሚለቅ ይመስለኛል።

ሦስት ጥያቄዎች አሉኝ። የመጀመሪያው፣ የቀኙ ደረቅ ስለሆነ ግራውን ብቻ ብቀይር ያስኬዳል ወይ የሚል ነው። ሁለተኛው፣ አንድ መለዋወጫ ሻጭ ከነባሩ ትንሽ ረዘም ያለ አሞርዛተር አሳይቶኝ «ለወሎ መንገድ እንዲያውም ይሻላል» ብሎኛልና ይህ አባባል ምን ያህል እውነት ነው? ሦስተኛው፣ የቁልፍ ስብስብ ያለው ጥንቁቅ ሰው ይህን ሥራ በግቢው ውስጥ ራሱ ሊሠራው ይችላል ወይስ የጋራዥ ሥራ ነው?

የቦርከና መካኒክ (ኮምቦልቻ)

ሰላም ለእርስዎ ይሁን፣ መምህር። የመጨረሻውን ጥያቄ ላስቀድም። ከኋላ በግራና በቀኝ ሁለት አሞርዛተር ላለው ሞተር ሥራው በቤት የሚሠራ ነው። በየጎኑ ከላይ አንድ፣ ከታች አንድ፣ በጠቅላላው አራት ማሰሪያ ብቻ ነው የሚፈታው፤ ሞተሩ፣ ካርቡራተሩም ሆነ የኤሌክትሪክ መስመሩ አይነካም። ሰውን የሚጎዳው የመፍታቱ ሥራ አይደለም፤ በሚገባ ያልቆመ ሞተር ሲወድቅ ነው።

ነገር ግን ገንዘብዎን ከማውጣትዎ በፊት ጥፋቱ በእርግጥ የአሞርዛተሩ መሆኑን ያረጋግጡ። ዘንጉ ላይ ስስ የዘይት ሽፋን መታየቱ ብቻውን በሽታ አይደለም። ዘይቱ ወርዶ የታችኛውን ማሰሪያ ካራሰና እርስዎ እንዳሉት ተጭነው ሲለቁት አንድ ጊዜ ተመልሶ በመርጋት ፈንታ ሁለት ሦስት ጊዜ የሚነጥር ከሆነ ግን አልቋል። ጎማውንም ይዳስሱ፤ ጥርሱ እኩል ሳይሆን ዙሪያውን ከፍና ዝቅ እያለ ከተበላ ጎማው መሬቱን እየዘለለ ሲረግጥ የቆየ መሆኑን ያመለክታል። በተጨማሪ የኋላው ሹካ፣ ማለትም ጎማውን ይዞ ከሻንሲው (ከሞተሩ አጽም) ጋር የሚያያዘው ክንድ፣ ቦኮላው (መጋጠሚያው ውስጥ ያለው ቀለበት) አልቆ እንደሆነ ይዩ፤ ብዙ ሰው የሹካውን መንገጫገጭ የአሞርዛተር ጥፋት እያደረገ አዲስ ዕቃ ይገዛል።

አንዱን ብቻ ስለ መቀየር የጠየቁትን በተመለከተ፣ እኔ አልመክርም። ሁለቱ እኩል ዕድሜ አላቸው፤ የቀኙ ገና አልፈሰሰም እንጂ ውስጡ ያለው ዘይትም ቫልቩም የግራውን ያህል ሠርቷል። አንዱ ጠንክሮ ሌላው ሲለሰልስ ሹካው በእያንዳንዱ ጉድጓድ ላይ ወደ አንድ ወገን ሊጠመዘዝ ይሞክራል፤ ያ ደግሞ ጎልቶ የሚሰማው በትክክል እርስዎ በፈሩት ቦታ፣ ኩርባ ላይ ነው።

መለዋወጫ ሰኞ ገበያ (ደሴ)

ሁለቱንም መቀየሩ ትክክል ነው፤ ለነገሩ አብዛኛው ዕቃ የሚመጣውም በጥንድ ነው። ይሁንና ረጅሙን አሞርዛተር የሚገዙኝ ደንበኞች ብዙ መሆናቸውን ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ወደ ወገል ጤናና ወደ መካነ ሰላም በፒስታ የሚሄዱ፣ ከኋላ ጭነት የሚያስሩ ሰዎች ሞተሩ ከፍ ሲልላቸው ደስ ይላቸዋል። ለስላሳ ሆነብኝ የሚል ካለ ደግሞ የሞላውን ማስተካከያ ቀለበት እስከ መጨረሻው ሲያዞረው ሞላው ይጠነክርለታል። ስለዚህ ነገሩን እንዲህ አስፈሪ አናድርገው።

ፊዚክስ (ወልድያ)

ወንድሜ ሰኞ ገበያ የጻፉትን አክብሬ ሁለቱን ነጥቦች ማረም እወዳለሁ፤ ሁለቱም በየጋራዡ እንደ እውነት ስለሚነገሩ በቂ ቦታ ቢሰጣቸው አይከፋም።

ቀለበቱን ማዞር ሞላውን አያጠነክርም። የሞላ ጥንካሬ የሚወሰነው በሽቦው ውፍረት፣ በጥቅሉ ስፋትና በሚሠሩት ጥቅሎች ብዛት ነው፤ ቀለበቱ ከእነዚህ አንዱንም አይለውጥም። የሚለውጠው ሞላው ሥራ ከመጀመሩ በፊት ምን ያህል ተጨምቆ እንደሚጠብቅ ነው፤ በዚህም ምክንያት ሰውና ጭነት ሲወጣበት የሞተሩ ጀርባ ከበፊቱ ከፍ ብሎ ይቀመጣል። ልኩ የሚታወቅበት መንገድም አለ፦ ነጂው የተለመደ ጭነቱን ይዞ ሲቀመጥ የኋላው ክፍል ከጠቅላላ የእንቅስቃሴው ርቀት ከሩብ እስከ ሲሶ ያህል ቢወርድ መልካም ነው። ጠቅላላው እንቅስቃሴ 100 ሚሊ ሜትር ቢሆን መውረድ ያለበት ከ25 እስከ 33 ሚሊ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። ቀለበቱን እስከ መጨረሻው አጥብቆ ብቻውን የሚነዳ ሰው ጎማው ወደ ጉድጓድ ተከትሎ የሚወርድበትን ርቀት ራሱ ስላጠፋው በመንገዱ ላይ ይንሳፈፋል።

ጉዳዩ ከዚህ ይጠልቃል። ሞላ የተቀበለውን ጉልበት አያጠፋም፤ ይዞት ይቆይና ይመልሰዋል። አጥፊው የአሞርዛተሩ ዘይት ነው፤ ፒስተኑ ላይ ባሉት ጠባብ ቀዳዳዎች እየተገፋ ሲያልፍ እንቅስቃሴው ወደ ሙቀት ይቀየራል፤ ረጅም ኮረኮንች ከነዱ በኋላ አሞርዛተሩ ሲነካ የሚሞቀውም ለዚህ ነው። ዘይቱ የፈሰሰበት አሞርዛተር እንግዲህ ባዶ ሞላ ሆኗል፣ ሞላን ደግሞ በሞላ ማረም አይቻልም። መምህሩ ሐረጎ ላይ የሚሰማቸውም ይኸው ነው፤ ደሴ ከኮምቦልቻ 600 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስለምትገኝ መንገዱ ቁልቁል ነው፤ ፍሬን ሲያዝ ደግሞ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል፣ የኋላው ጎማ ይቀላል፤ በዚያ ላይ የሚያረጋጋው ዘይት ከሌለ ትንሽ ጉብታ እንኳ ጎማውን ከመሬት ያነሣዋል።

ርዝመትን በተመለከተ፦ ረዘም ያለ አሞርዛተር የሞተሩን ጀርባ ሲያነሣ የፊት ሹካው ይበልጥ ቀጥ ይላል፣ መሪውም ቀላልና በትንሽ ንክኪ የሚወዛወዝ ይሆናል። መብራቱ መሬት መሬቱን ያያል፤ በጎን ስታንድ ሲቆም ሞተሩ ከልክ በላይ ያጋድላል፤ የመሃል ስታንዱ የኋላውን ጎማ ከመሬት ማንሣት ሊያቅተው ይችላል፤ የካቴናው አቅጣጫም ይለወጣል። ጭነት ለሚያበዛ ሰው መልሱ ርዝመቱ ሳይለወጥ ጠንከር ያለ ሞላ ያለው አሞርዛተር መፈለግ ነው።

ሐይቅ ዳር

የፊዚክስ መምህሩ ማብራሪያ ለእኔም ትምህርት ሆኖኛል። ይሁን እንጂ የኪስ ጉዳይ መነሣት አለበት። በአካባቢያችን አሞርዛተሩን ከፍተው ዘይት የሚሞሉና ውስጡ ያለውን ጎማ (ዘይቱ እንዳይፈስ የሚያግደውን ቀለበት) የሚቀይሩ ባለሙያዎች አሉ፤ ዋጋቸውም ከአዲስ ጥንድ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ሌሎች ደግሞ ከተከሰከሰ ሞተር የወጣ ያገለገለ ዕቃ ይሸጣሉ። እነዚህን አማራጮች የምታዩአቸው እንዴት ነው?

የቦርከና መካኒክ (ኮምቦልቻ)

ወንድማችን ከሐይቅ ያነሡት እውነተኛ ጉዳይ ስለሆነ በቀላሉ አላልፈውም። አንዳንድ አሞርዛተር እንዲጠገን ተደርጎ የተሠራ ነው፤ አፉ በቀለበት ወይም በክዳን ስለሚዘጋ ይፈታል፣ ጎማው ይቀየራል፣ በልኩ የተለካ የአሞርዛተር ዘይት ይሞላል። በትንንሽ ሞተሮች ላይ የምናየው አብዛኛው ግን አፉ በፋብሪካ ተጠቅልሎ የታሸገ ነው። ያንን የሚከፍቱት ቆርጠው፣ የሚዘጉት በይደው ነው። የብየዳው ሙቀት አዲሱን ጎማ ገና ሥራ ሳይጀምር ያበላሸዋል፤ ውስጡ ዘይት ወይም በግፊት የታመቀ ጋዝ ያለበትን ቱቦ መበየድም ለበያጁ ራሱ አደጋ ነው።

ሊጠገን የሚችል ቢሆን እንኳ ዘንጉን በጥፍርዎ ይዳስሱት። ክሮሙ ተልጦ ወይም ዝገት ነጥብ ነጥብ አድርጎት ጥፍር የሚይዝ ከሆነ አዲስ ጎማ ማስገባቱ ከንቱ ድካም ነው፤ ያው ሸካራ ዘንግ ይልጠዋል። ዘይቱንም ጠይቁ። በእጅ የተገኘውን የሞተር ዘይት የሚሞሉ አሉ፤ ወፍራም ዘይት በደሴ ብርድ ማለዳ አሞርዛተሩን እንደ ዱላ ያደርቀዋል፣ ወደ ባቲ ወርዶ ሲሞቅ ደግሞ ይቀጥንና ሌላ ጠባይ ያመጣል።

ያገለገለ ዕቃ ስለ መግዛት የምለው አጭር ነው። ከወደቀ ሞተር የወጣ አሞርዛተር ዘንጉ በዓይን የማይታይ መጣመም ሊኖረው ይችላል። አቁመው በእጅ ጨምቀው ሲለቁት በሙሉ ርቀቱ ላይ እኩል የማይንሸራተት፣ አንድ ቦታ ላይ የሚይዝ ከሆነ ይመልሱት። ሞላው ከባድ ስለሆነ በእጅ ብዙ እንደማይጨመቅ አውቃለሁ፤ ለዚህም ነው እኔ ያገለገለ አሞርዛተር የማልገዛው።

የጦሳ ሥር (ደሴ)

አመሰግናለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ነባሩ ርዝመት ያለውን አዲስ ጥንድ ለመግዛት ወስኛለሁ። ጋሽ መካኒክ፣ እርስዎ ቢሆኑ ሥራውን ከየት ጀምረው የት ይጨርሱት ነበር? ግቢዬ አፈር ነው፣ ትንሽም ያዘቀዝቃል፤ ክሪክ የለኝም፣ ሞተሩ ግን የመሃል ስታንድ አለው። አንድ ጎረቤቴ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ፈትቼ እንዳጥብ መክሮኛል።

የቦርከና መካኒክ (ኮምቦልቻ)

የጎረቤትዎን ምክር አይከተሉ። ሁለቱ አንድ ላይ ከወጡ ሹካውን የሚይዘው ነገር ስለማይኖር ጎማው ይወድቃል፣ የብሎን ቀዳዳዎቹን መልሶ ማገጣጠምም ትግል ይሆናል። አንዱ እየተቀየረ ሌላው በቦታው ሆኖ ሹካውን ይይዝልዎታል፤ ድርብ አሞርዛተር ያለው ሞተር ለቤት ሥራ የሚመች የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

በመጀመሪያ ማታውኑ አራቱን ማሰሪያዎች በሽቦ ብሩሽ ጠርገው ክራቸው ላይ ዝገት የሚፈታ ዘይት ወይም ትንሽ ናፍጣ ያድርጉ፤ ጎማ ቦኮላው ላይ ግን እንዳይፈስ ይጠንቀቁ። ጠዋት ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ቀዝቃዛ ሳለ ሞተሩን ግቢው ውስጥ ካለው ቦታ ሁሉ ለጥ ባለው ላይ ያቁሙት፤ አፈር ስለሆነ ከመሃል ስታንዱ ሥር ሁለቱንም እግሮች የሚያሳርፍ አንድ ወፍራም ሰፊ ጣውላ ይዘርጉ፤ ድንጋይ ግን አያስገቡ፣ ይንሸራተታል። ብዙ ሰው ማርሽ ውስጥ ካስገባሁት አይንቀሳቀስም ይላል። የኋላው ጎማ ከመሬት ከተነሣ ማርሹ ምንም አይዝም፤ የሚይዘው የፊት ፍሬን ነው። የፊት ፍሬኑን ከመሪው እጀታ ጋር ባረጀ የውስጥ ጎማ ቁራጭ አጥብቀው ይሰሩት፣ የፊት ጎማውንም ከፊትም ከኋላም ይደግፉ።

ከዚያ ኮርቻውንና የጎን ሽፋኖቹን ያውጡ። በአንዳንዱ ሞተር የተሳፋሪ መያዣ ብረቱ የአሞርዛተሩን የላይኛ ማሰሪያ ስለሚሸፍነው እሱም ይነሣል፤ በቀኝ በኩል ደግሞ ማርሚታው ለታችኛው ብሎን ቦታ ከከለከለ ማሰሪያውን ላላ አድርገው ገለል ማድረግ ይበቃል። አንድም ነገር ከመፍታትዎ በፊት በስልክዎ ከቅርብ ፎቶ ያንሡ፤ የሮንዴላዎቹ (ከዳዶው ሥር የሚገቡት ስስ ቀለበቶች) ቅደም ተከተል በኋላ ይምታታል። ዳዶዎቹ (በብሎኑ ላይ የሚጠብቁት) አብዛኛውን ጊዜ በ14 ወይም በ17 ቁልፍ ይፈታሉ፤ ቡሶላ (ዳዶውን ዙሪያውን የሚይዝ ቁልፍ) ካለዎት ይመረጣል፣ ጠርዛቸው እንዳይበላ። አራቱንም ሩብ ዙር ያህል ብቻ ያላሏቸው፤ ከፍተኛውን ኃይል የሚጠይቀው ይህ ስለሆነ ሁሉም ነገር በቦታው እንዳለ ማለፉ ይሻላል።

አሁን ከግራው ይጀምሩ። ከኋላው ጎማ ሥር ስስ ጣውላዎች እየደረደሩ ጎማው በጥቂቱ እንዲደገፍ ያድርጉ፤ ዓላማው ሹካው በአሞርዛተሩ ላይ የሚያደርገውን ስበት ማቃለል ነው። ልክ ላይ ሲደርስ ብሎኑ በጣት ይወጣል። የታችኛውን ቀጥሎም የላይኛውን ፈትተው አሞርዛተሩን ወደ ጎን ይሳቡት።

አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን አስቀምጠው ይለኩ። የሚለካው ከላይኛው ቀዳዳ መሃል እስከ ታችኛው ቀዳዳ መሃል ነው፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ አይደለም። የቀዳዳውን ስፋትና የቦኮላውን ውፍረትም ያስተያዩ። አዲሱን ከማሰርዎ በፊት ቀጥ አድርገው አቁመው በሰውነትዎ ክብደት ደጋግመው ይጫኑት፤ በመደርደሪያ ላይ ተጋድሞ የቆየ አሞርዛተር ዘይቱ ውስጥ አየር ገብቶ ሊሆን ስለሚችል በዚህ መንገድ ይወጣለታል። የማስተካከያ ቀለበቱን በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት እርከን ላይ ያድርጉ።

ሲያስሩ የብሎኑን ለስላሳ አካል ስስ ግራሶ ይቀቡት፤ ዳዶውን መጀመሪያ በጣት ያስገቡ፤ በጣት ካልሄደ ክሩ ተዛብቷልና በቁልፍ አያስገድዱት። ናይለን ያለበት ዳዶ ከሆነ በአዲስ ይተኩ። የግራውን በመጠኑ አጥብቀው ወደ ቀኝ ይሻገሩ። ሁለቱም ከገቡ በኋላ ጣውላዎቹን አንሥተው፣ ሞተሩን ከስታንዱ አውርደው፣ በጎማው ላይ እንዳረፈ የመጨረሻውን ማጥበቅ ያድርጉ።

ፊዚክስ (ወልድያ)

በማጥበቁ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። የቶርክ ቁልፍ የሌለው ሰው በግምት ሲያጠብቅ አንዳንዴ ክሩን ይበላዋል፣ አንዳንዴም ያላላዋል። ልኩ ለየሞዴሉ በመመሪያው ውስጥ ስለሚጻፍ እሱን ይፈልጉ። ለምሳሌ መመሪያው 30 ኒውተን ሜትር ካለ፣ ከዳዶው መሃል 20 ሳንቲ ሜትር ርቆ የተያዘ ቁልፍ ላይ የ150 ኒውተን ግፊት ያስፈልጋል፤ ይህም ወደ 15 ኪሎ የሚጠጋ ክብደት ነው። የሻንጣ መመዘኛ መንጠቆ ያለው ሰው ቁልፉን በቀጤ ማዕዘን (በ90 ዲግሪ) እየሳበ ሊያነበው ይችላል። ግምት ነው፣ ግን ከባዶ ግምት ይሻላል።

የባቲ መንገደኛ

አሰላሙ አለይኩም። የተባለው ሁሉ ብሎኑ ሲፈታ ነው። የእኛ አገር አቧራና ላብ የታችኛውን ብሎን ከቦኮላው ብረት ጋር አንድ አድርጎ ያጣብቀዋል፤ ዳዶው ይወጣል፣ ብሎኑ ግን ንቅንቅ አይልም። በእሳት አሙቆ በመዶሻ መምታት ነው ያለው መፍትሔ።

የቦርከና መካኒክ (ኮምቦልቻ)

ወአለይኩም ሰላም። እሳቱን አልስማማበትም፤ አጠገቡ ጎማ፣ ቀለም፣ የፍሬን ገመድና የነዳጅ ትነት አለ፤ የአሞርዛተሩ ሆድም እሳት አይወድም። መዶሻውንም በቀጥታ ብሎኑ ላይ ከመቱት ጫፉ እንደ እንጉዳይ ይዘረጋና ጭራሽ አይወጣም። ዳዶውን ከብሎኑ ጫፍ ጋር እኩል እስኪሆን መልሰው ያስገቡ፤ በላዩ የጠንካራ እንጨት ወይም የናስ ቁራጭ ያስቀምጡና እሱን ይምቱ። ከመምታት ይበልጥ የሚሠራው ማዞር ነው፤ የብሎኑን ራስ በቁልፍ ይዘው ወዲያና ወዲህ ያወዛውዙ፣ ዘይት ይጨምሩ፣ ያሳድሩት። አሮጌው አሞርዛተር የሚጣል ስለሆነ ደግሞ የመጨረሻው መላ የእሱን ጆሮ በመጋዝ መቁረጥ ነው። ከላይኛው ማሰሪያ ጋር ግን ይጠንቀቁ፤ በብዙ ሞተር ላይ ከሻንሲው ጋር የተበየደ ምሶሶ እንጂ የሚወጣ ብሎን አይደለም። እሱ ከተጎዳ ሥራው ወደ ብየዳ ይሄዳል።

የኩታበር ነርስ

ጤና ይስጥልኝ። እኔ የምነዳው የመሥሪያ ቤት ያማሃ ነው፤ ከኋላ ያለው አንድ አሞርዛተር ብቻ ሲሆን እሱም ከኮርቻው ሥር ተደብቋል። ወደ ቀበሌዎቹ የክትባት ዕቃ ይዤ ስሄድ ጉድጓድ ላይ ከታች እስኪመታ ይወርዳል። እናንተ ያስረዳችሁት መንገድ ለእኔም ይሠራል?

የቦርከና መካኒክ (ኮምቦልቻ)

ሲስተር፣ ለእርስዎ መልሱ ሌላ ነው። በነጠላ አሞርዛተር ሹካውን የሚይዝ ሁለተኛ የለም። ስለዚህ ሞተሩ በሹካው ሳይሆን በሻንሲው ሥር መደገፍ አለበት፤ ከዚያም ጎማው ለብቻው በሌላ ክሪክ ወይም በጣውላ በጥቂት በጥቂቱ እየተነሣ ብሎኑ ነፃ የሚሆንበት ከፍታ ይፈለጋል። ወደ ላይኛው ብሎን ለመድረስ ኮርቻ፣ ባትሪ፣ የአየር ማጣሪያ ሣጥን፣ አንዳንዴም የኋላ ጎማው ራሱ ይወጣል፤ በአንዳንድ የቆዩ ሞዴሎች ደግሞ አሞርዛተሩ ከነዳጅ ታንኩ ሥር ተዘርግቶ ስለሚገኝ ታንኩ ይነሣል። ከታች የማያያዣ ክንዶች ካሉት ቦኮላቸውና ሮለሮቻቸው በዚያው ታጥበው አዲስ ግራሶ ሊቀቡ ይገባል፤ ያንን ሳይሠሩ መዝጋት ግማሽ ሥራ ነው።

ከጎኑ ትንሽ ጋን መሰል ነገር ካለው ወይም ጋዝ ያለበት መሆኑ ከተጻፈበት ውስጡ በከፍተኛ ግፊት የታመቀ ናይትሮጂን አለ። ማንም እንዳይበሳው፣ እንዳይከፍተው፣ እሳት ውስጥም እንዳይጥለው። ይህ የሚያገለግለው ለአሮጌውም ነው፤ ብረት ሰብሳቢ ወስዶ ለቀጥቃጭ ሊሸጠው ይችላልና ከመስጠትዎ በፊት ምን እንደሆነ ይንገሩት። ሞላውንም ከአሞርዛተሩ ላይ ያለ መጨመቂያ መሣሪያ ለማውጣት የሚሞክር ሰው ካዩ ያስቁሙት፤ የታመቀ ሞላ ሲያመልጥ ጣት ይወስዳል።

በእርስዎ ቦታ ብሆን የመሥሪያ ቤት ንብረት ስለሆነ በጽሑፍ አስፈቅጄ ወደ ጋራዥ እወስደው ነበር። እስከዚያው ግን የማስተካከያ ቀለበቱ ለጭነትዎ የሚመጥን እርከን ላይ መሆኑን ያስዩ፤ ዘይት ካልፈሰሰ ጥፋቱ ያ ብቻ ሊሆን ይችላል።

የኩታበር ነርስ

ቀለበቱ መጨረሻው ዝቅተኛ እርከን ላይ ነው የተገኘው፤ ዘንጉም ደረቅ ነው። መጀመሪያ እሱን አስነሥቼ ከነጭነቴ መውረዱን እለካለሁ። አሏህ ይስጥልኝ።

የጦሳ ሥር (ደሴ)

ሥራው ተጠናቅቋል። የግራው የታችኛ ብሎን እንደ ተባለው ተጣብቆ ስለነበር በማወዛወዙ መንገድ ወጥቷል፤ ቀሪው ያለ ትግል ሄደ። አዲሶቹ ከነባሮቹ ጋር በርዝመት አንድ ናቸው። ኮርቻውን ተጭኜ ስለቀው አንድ ጊዜ ተመልሶ ይረጋል፤ ሐረጎም ላይ ኩርባው ውስጥ ፍሬን ስይዝ ጎማው መሬቱን አይለቅም።

የቀረኝ አንድ ነገር አለ። በዝግታ ኮብልስቶን ላይ ስሄድ ከበስተኋላ «ቋ» የሚል አጭር ድምፅ ይሰማኛል። ዳዶዎቹን መልሼ አይቻቸዋለሁ፣ ጥብቅ ናቸው።

የቦርከና መካኒክ (ኮምቦልቻ)

እንኳን ደስ አለዎት፣ መምህር። ድምፁን ከቀላሉ ጀምረው ይፈልጉት። አሞርዛተሩ ከካቴና ሽፋኑ ወይም ከማርሚታው ጋር እንደማይነካካ በዓይን ይዩ፤ የተነካ ቦታ ቀለሙ ተፍቆ ያብለጨልጫል። ቀጥሎ ካቴናውን ይለኩ፤ የሞተሩ ጀርባ ወደ ትክክለኛ ከፍታው ሲመለስ የካቴናው መላላት ይለወጣል፣ በጣም የላላ ካቴናም ሽፋኑን ይመታል። ልኩን መመሪያው ይነግርዎታል፤ በአብዛኛው ትንሽ ሞተር ላይ ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ነው። ከዚያ ሞተሩን በመሃል ስታንድ አቁመው የኋላ ጎማውን ከላይና ከታች ሳይሆን ከፊትና ከኋላ ጠርዙ ይዘው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይግፉት፤ ሌላ ሰው ሹካው ከሻንሲው ጋር የሚገናኝበት ላይ ጣቱን ያሳርፍ። እዚያ ላይ ንቅናቄ ከተሰማው የሹካው ቦኮላ አልቋል። ንቅናቄው ጎማው መሃል ላይ ከሆነ ደግሞ ያለቀው የጎማው ኩሽኔታ (ጎማው የሚሽከረከርበት ባለ ኳስ ቀለበት) ነው።

የጦሳ ሥር (ደሴ)

ካቴናው በልኩ ነው፣ የሚነካካም ነገር የለም። ጎማውን ስገፋ ልጄ ጣቱን ያሳረፈበት የሹካው መጋጠሚያ በቀኝ በኩል ይንቀሳቀሳል። ቦኮላውን ከነዘንጉ ለመቀየር የኋላ ጎማው መውጣት አለበት ማለት ነው?

የቦርከና መካኒክ (ኮምቦልቻ)

አዎ፣ ጎማውም ሁለቱ አሞርዛተሮችም ይወጣሉ፤ አሮጌውን ቦኮላ ለማስወጣትና አዲሱን ለማስገባትም መጫኛ ማሽን ያስፈልጋል። ዘንጉና ማሰሪያ ብሎኑ እንዳልተበላ ይለካሉ፤ ተበልቶ ከሆነ አዲስ ቦኮላ ብቻ ማስገባቱ አይጠቅምም። ይህን ሥራ ወደ ጋራዥ ያምጡት። እስከዚያ ድረስ ከኋላ ሰው አይጫኑ፣ ሐረጎንም በዝግታ ይውረዱ፤ አዲሶቹን ማሰሪያዎች ደግሞ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄዱ በኋላ አንድ ጊዜ መልሰው ያጥብቋቸው።